የዜግነት ትምህርት በተዘጋጀ ዕቅድ፦ የሰሜን ሸዋ መምህር ምን ይጨምርበት?

በደብረ ብርሃን፣ በመሐል ሜዳ ወይም በአረርቲ የሚያስተምር የዜግነት ትምህርት መምህር የነገውን ክፍለ ጊዜ ለማቀድ እንደ ድሮው ማምሸት አይጠበቅበትም። በቴሌግራም የመምህራን ቻናሎች ላይ ዓመታዊውም፣ ሳምንታዊውም፣ ዕለታዊውም ዕቅድ በሰንጠረዥ ተሠርቶ ይገኛል። ዓላማው፣ ይዘቱ፣ የመምህሩ ተግባር፣ የተማሪዎች ተግባር፣ መርጃ መሣሪያው፣ ምዘናው ሁሉም ተሞልቷል። የትምህርት ቤቱን ስም መቀየር፣ ቀን ማስገባት፣ ማተምና ማስፈረም ብቻ ይቀራል። እንግሊዝኛ የማያስቸግረው መምህር ደግሞ ወደ ውጭ ድረ ገጾች ተሻግሮ በሥዕል፣ በጨዋታና በመልመጃ የታጀበ ዕቅድ ያወርዳል።

ይህን ስንፍና ነው የሚሉ የትምህርት ባለሙያዎች አሉ። አልስማማም። ብዙ ክፍሎች የሚያስተምር፣ ፈተና የሚያርም፣ የክበብ ተጠሪና የክፍል ኃላፊ የሆነ መምህር በየቀኑ ከባዶ ወረቀት ይጀምር ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። በገጠር ወረዳዎች ደግሞ የዜግነት ትምህርት ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ክፍለ ጊዜው ላልሞላ የታሪክ ወይም የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ በትምህርቱ ላልሠለጠነ ሰው ደህና ሆኖ የተሠራ ዕቅድ ትልቅ እገዛ ነው። ጉዳዩ መምህሩ ዕቅዱን ካገኘ በኋላ ምን ያደርግበታል የሚለው ላይ ነው። ብዙ የምንሳሳተው እዚህ ላይ ሲሆን፣ ስሕተቱም የመምህሩ ብቻ አይደለም።

ዕፅዋት ምግባቸውን እንዴት እንደሚያዘጋጁ ለማስተማር አሜሪካ ውስጥ የተሠራ ዕቅድ አንኮበር ላይ ቢሠራበት ቅጠሉም ፀሐዩም ያው ነው። የዜግነት ትምህርት ዕቅድ ግን የተሠራበትን አገር መንግሥት ይዞ ይመጣል። አይሲቪክስን ለምሳሌ እንውሰድ። ከአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኝነት በጡረታ የተሰናበቱት ሳንድራ ዴይ ኦኮነር እ.ኤ.አ. በ2009 የመሠረቱት ድርጅት ነው፤ ለመምህራን በነፃ የሚያቀርባቸው ዕቅዶችና የኮምፒውተር ጨዋታዎች በአሠራራቸው የሚያስቀኑ ናቸው። ተማሪው ራሱን ሕግ አውጪ ወይም ዳኛ አድርጎ ይወስናል፣ ይከራከራል። ዕቅዶቹ ግን የተሠሩት ለአሜሪካ ተማሪ ስለ አሜሪካ መንግሥት ነው፤ ሊሆኑ የሚገባቸውም እንደዚያው ነው።

አንድ ረቂቅ እንዴት ሕግ ይሆናል የሚለውን ርዕስ እንይ። በአሜሪካ ረቂቁ በሁለቱም ምክር ቤቶች ካለፈ በኋላ ለፕሬዚዳንቱ ይላካል። ፕሬዚዳንቱ እሑድ ሳይቆጠር በ10 ቀን ውስጥ ሊፈርሙበት ወይም ተቃውመው ሊመልሱት ይችላሉ፤ ከተመለሰ ሕግ የሚሆነው ሁለቱም ምክር ቤቶች በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲያጸኑት ነው። ይህን ዕቅድ «ኮንግረስ» የሚለውን «ምክር ቤት» በሚለው ብቻ ተክቶ ያስተማረ መምህር የኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት ሕግ የመመለስ ሥልጣን አላቸው ብሎ ተማሪዎቹን ያሳምናል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 57 የሚለው ግን ሌላ ነው፦ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው ሕግ ለፕሬዚዳንቱ ለፊርማ ይቀርባል፤ በ15 ቀን ውስጥ ካልተፈረመ ያለ ፊርማው ሥራ ላይ ይውላል። የፌዴሬሽን ምክር ቤትም እንደ አሜሪካው ሴኔት ሕግ የሚያወጣ አካል አይደለም። በአንቀጽ 62 ከተሰጡት ሥልጣኖች ቀዳሚው ሕገ መንግሥቱን መተርጎም ነው፤ ይህ ሥራ በአሜሪካ የፍርድ ቤቶች ነው። በእኛ አገር በአንቀጽ 82 የተቋቋመ 11 አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ጉዳዩን መርምሮ ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ያቀርባል። ለምን በዚህ መንገድ ተመረጠ? ጥቅሙ ምንድን ነው፣ ጉዳቱስ? ይህ ራሱን የቻለ የአንድ ሳምንት ትምህርት ነበር፤ ከውጭ የመጣው ዕቅድ ግን ስለ እኛ አጣሪ ጉባኤ ስለማያውቅ ጥያቄው አይነሳም።

የበለጠ የሚያሳስበኝ ይህ ዓይነቱ ክፍተት ነው። የተሳሳተ መረጃ አንድ ቀን ይታረማል፤ ከነጭራሹ ያልተነሣ ነገር ግን መቅረቱም አይታወቅም። አንቀጽ 12 ሕዝቡ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ሲያጣ ከቦታው ሊያነሣው እንደሚችል ይደነግጋል። የአሜሪካ ፌዴራል ሕገ መንግሥት መራጮች የኮንግረስ አባልን በዚህ መንገድ እንዲያወርዱ የሚፈቅድ ድንጋጌ የለውም። ስለዚህ በአሜሪካ ዕቅድ ስለ ተወካዮች የተማረ የሸዋ ሮቢት ልጅ ይህ መብት በአገሩ ሕግ ተጽፎ ሳለ፣ እንዴት ሊሠራ እንደሚችል፣ ለምንስ ሲሠራበት እንደማይታይ ለመጠየቅ ዕድል አያገኝም።

«እንግዲያው የውጭውን ትተን የአገር ቤቱን እንያዝ» የሚል ሐሳብ ይከተላል። ተገቢ ነው፤ ግን የአገር ቤቱም የራሱ ችግር አለው። ከመምህሩ መምሪያ እየተቀዱ የሚዞሩት ዕቅዶች አንቀጾቹን አይስቱም። የሚስቱት ተማሪውን ነው። የሕግ የበላይነትን የሚመለከት አንድ ዕለታዊ ዕቅድ በቅርብ ሲታይ በመምህሩ ተግባር ሥር «ያብራራል፣ ምሳሌ ይሰጣል፣ ማስታወሻ ይሰጣል» ይላል። በተማሪዎች ተግባር ሥር «ያዳምጣሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ማስታወሻ ይጽፋሉ»። በምዘናው ሥር «የሕግ የበላይነት ምንድን ነው? የሕግ የበላይነት ጥቅሞችን ዘርዝሩ»። ምሳሌው ምን እንደሆነ አልተጻፈም፤ ተማሪው ምን እንደሚጠይቅም አልታሰበበትም። ይኸው ሰንጠረዥ «የሕግ የበላይነት» የሚለው ተነሥቶ «ቁጠባ» ቢገባበት አንድም ቃል መለወጥ ሳያስፈልግ ይሠራል። ርዕሱ ሲቀየር የማይቀየር ዕቅድ የማስተማሪያ ዕቅድ አይባልም።

ይህ ልማድ ከቴሌግራም በፊትም ነበር። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት ይተላለፍ የነበረው የፕላዝማ ትምህርት ተዘጋጅቶ የመጣ ትምህርት ትልቁ ሙከራችን ነበር። ከደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በመጣው በዚያ ሥርጭት የዛሬው የዜግነት ትምህርት፣ በጊዜው ስሙ ሥነ ዜጋም ነበረበት። የማያውቁት ድምፅ በፈጣን እንግሊዝኛ ያስረዳል፣ ጥያቄ ያቀርባል፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቅና መልሱን ራሱ ይናገራል። መምህሩ መግቢያና ማጠቃለያ እንዲያቀርብ ዳር ይቆማል። ለሳይንስ ትምህርቶች የቤተ ሙከራ ምስል ማሳየቱ ይጠቅም እንደነበር አልክድም። ለሥነ ዜጋ ግን፣ እጁን ያወጣ ተማሪን መጠበቅ የማይችል መምህር ስለ ተሳትፎ ያስተምር ነበር ማለት ነው።

ትምህርቱ ራሱም ስሙንና ዓላማውን በየሥርዓቱ ሲለዋውጥ የኖረ ነው። በንጉሡ ዘመን ግብረ ገብ ነበር። በደርግ ጊዜ ማርክሲዝም ሌኒኒዝምን የሚያስጠና የፖለቲካ ትምህርት ሆነ። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርት ተብሎ ከዴሞክራሲያዊ ሥርዓት ግንባታ እስከ ዕውቀትን መሻት በ11 እሴቶች ተዋቀረ። አሁን ደግሞ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በመጀመሪያ ደረጃ ግብረ ገብ ተመልሶ፣ ከ7ኛ ክፍል ወዲህ የዜግነት ትምህርት በሚል ይሰጣል። ይህን ሁሉ ያየ ነባር መምህር ከመጽሐፉ ባይወጣ አይፈረድበትም። የዛሬው ትክክለኛ መልስ ነገ ሊያስጠይቅ እንደሚችል ከመምህራኑ ተምሯል።

በሰሜን ሸዋ ጥንቃቄው ከዚህም የቀረበ ምክንያት አለው። አንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመረጠው የአገሪቱ አካባቢ የመዘዋወርና የመኖር ነፃነት እንዳለው ይናገራል። ደብረ ብርሃን ከወለጋ የተፈናቀሉ ብዙ ቤተሰቦችን በመጠለያ ተቀብላ የቆየች ከተማ ናት። መምህሩ አንቀጹን ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ከፊቱ ከተቀመጡት ልጆች አንዷ ቤቷን ጥላ የመጣች ልትሆን ትችላለች። አጣዬ በ2013 ዓ.ም. ስትቃጠል ያዩ ልጆች ዛሬ በ9ኛና በ10ኛ ክፍል ዕድሜ ላይ ናቸው። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በቀጠለው ግጭት ትምህርት ቤቶቻቸው የተዘጉባቸው፣ ከዓመታት በኋላ ወደ ክፍል የተመለሱ፣ ጨርሶ ያልተመለሱም አሉ። እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ «የሕግ የበላይነት ጥቅሞችን ዘርዝሩ» የሚል ጥያቄ ልጆቹን የማያያቸው ጥያቄ ነው። «ሕግ ባለበት ይህ ለምን ሆነ?» ብሎ መጠየቅ ደግሞ መምህሩን ለየትኛው ወገን እንደሚናገር ወደ መጠርጠር ሊያመራ ይችላል።

ስለዚህ የተዘጋጀ ዕቅድ ለመምህሩ ጋሻም ነው። «ከመምሪያው ነው ያስተማርኩት» ማለት ይቻላል። የፈጠራ ችሎታን የሚያወድሱ ሥልጠናዎች ይህን ነገር አይነኩትም። ለመምህሩ «አካባቢያዊ ምሳሌ ተጠቀም፣ ተማሪዎችን አከራክር» ይሉታል፤ ምሳሌው ቢያስከስሰው ማን ከጎኑ እንደሚቆም ግን አይነግሩትም። ጋሻውን ጣል ከማለት በፊት ሌላ መከለያ መስጠት ያስፈልጋል። በእኔ እምነት መከለያው ዕቅዱን በጋራ መሥራት ነው፤ እንዴት እንደሆነ ከታች እመለስበታለሁ። በመጀመሪያ ግን በዕቅዱ ውስጥ ምን ሊገባ እንደሚችል ላሳይ፤ አካባቢያዊ ምሳሌ ሲባል የግድ የሚያቃጥል ጉዳይ ማለት አይደለምና።

እኩልነትን ለማስተማር የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር በቂ ነው። በአማራ ክልል በጋራ የሚያዝ መሬት ደብተር የባልና የሚስትን ስምና ፎቶግራፍ አብሮ ይይዛል። በምንጃርም ሆነ በሞረትና ጅሩ የገበሬ ልጅ የሆነ ተማሪ ይህ ሰነድ ቤቱ ውስጥ በሣጥን ተቆልፎ ይገኛል። መምህሩ ደብተሩ ወደ ትምህርት ቤት እንዳይመጣ አጥብቆ ያስጠንቅቅ፤ ለቤተሰቡ ከምንም የከበደ ሰነድ ነው። ተማሪው ከወላጆቹ ጋር ቁጭ ብሎ አይቶ ብቻ ይመለስ። የማን ፎቶግራፍ አለበት? እናት መሬቱን ለማከራየት ብትፈልግ የማን ፊርማ ያስፈልጋል? ከደብተሩ በፊት ነገሩ እንዴት ነበር? በማግሥቱ አንቀጽ 35 ሴቶች መሬትን በመጠቀም፣ በማስተላለፍ፣ በማስተዳደርና በመቆጣጠር ረገድ ከወንዶች ጋር እኩል መብት አላቸው ማለቱ ሲነበብ፣ ልጆቹ ድንጋጌውን የሚያስተያዩበት የራሳቸው ነገር አላቸው። አንዷ «ፎቶው የሁለቱ ነው፣ ገበያ የሚወጣው እህል ገንዘብ ግን የአባቴ ነው» ብትል ትምህርቱ የሚጀመረው እዚያ ላይ ነው። በከተማ ዳር ማሳቸው ለፋብሪካ ወይም ለመንገድ የተወሰደባቸው ቤተሰቦች ልጆች ባሉበት ክፍል ደግሞ ስለ ንብረት መብትና ስለ ካሳ የሚናገረው አንቀጽ 40 ተመሳሳይ ትምህርት ይወጣዋል። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በሆነበት አገር ካሳ የሚከፈለው ለምኑ ነው የሚለውን ልጆቹ ከቤታቸው ሲከራከሩበት ሰምተውት ይመጣሉ። የግል መሬትን መነሻው ያደረገ የውጭ ዕቅድ ለዚህ ጥያቄ ቦታ የለውም።

ከዚህም የተሻለ የማስበው የመንዝ ጓሳን ነው። የመንዝ ሰው የጓሳን ሣር ለዘመናት በራሱ ሕግ ሲጠብቅ ኖሯል። ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ ይፈለጋል፤ ስለዚህ አካባቢው ለዓመታት ተከልሎ ይቆይና ተጠቃሚዎቹ በመረጧቸው ኃላፊዎች ትእዛዝ በተወሰነ ጊዜ ይከፈት ነበር። ደንብ የጣሰ ይቀጣል። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ያን ሥርዓት ሲያፈርሰው የአካባቢው ሰው ጥበቃውን በሌላ አደረጃጀት መልሶ አቆመው፤ ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው። ሕግ ማውጣት፣ ማስፈጸም፣ መቅጣት፣ ኃላፊን መምረጥ ሁሉም በአንድ ተራራ ላይ ይገኛል። ጓሳን ለማሞገስ ብቻ ግን አይነሣ። በጥንቱ ሥርዓት የመጠቀም መብት የአቅኚ አባቶችን የዘር ሐረግ የተከተለ ነበር። ታዲያ ከሌላ የመጣ ሰው፣ የዘር ሐረጉ የማይቆጠርለት ጎረቤት ምን ነበረው? ሣሩን ያዳነ ሥርዓት ፍትሐዊም ነበር ወይ? የመሐል ሜዳ ተማሪዎች በዚህ ላይ ግማሽ ክፍለ ጊዜ ቢከራከሩ ስለ እኩልነትና ስለ ሕግ ምንነት ከብዙ ገጽ ማስታወሻ ይልቅ ያገኛሉ፤ መምህሩም በየትኛውም ወገን አይፈረጅም።

እድርም እንዲሁ ነው፤ የመተዳደሪያ ደንብ፣ የተመረጠ ዳኛ፣ ገንዘብ ያዥና ሒሳብ መርማሪ ያለው ድርጅት ስለሆነ ስለ ተጠያቂነት ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም።

ከውጭ የሚመጡትም ቢሆኑ ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም። ፕሮጀክት ሲቲዝን የሚባለው የአሜሪካኖች የማስተማሪያ ዘዴ ተማሪዎች በአካባቢያቸው አንድ ችግር መርጠው፣ መረጃ ሰብስበው፣ አማራጭ መፍትሔዎችን አመዛዝነው፣ የራሳቸውን የፖሊሲ ሐሳብና የማስፈጸሚያ ዕቅድ እንዲያዘጋጁ፣ በመጨረሻም በሰው ፊት ቀርበው እንዲያስረዱ ያደርጋል። ስለ አሜሪካ መንግሥት ሳይሆን ስለ አሠራር የሚያስተምር ስለሆነ ደብረ ሲና ላይ ስለ ተቋረጠ የቧንቧ ውኃ፣ እነዋሪ ላይ ስለ መንገድ ሊሠራበት ይችላል። ዕቅድ ከሩቅ ሲመረጥ መታየት ያለበት ይህ ነው፦ መልሱን ሞልቶ የመጣውን ትቶ ቦታውን ክፍት የተወውን መውሰድ። አንድ ነገር ግን መታሰብ አለበት። ልጆቹ የሚያቀርቡትን የሚሰማ የቀበሌ ወይም የወረዳ ኃላፊ ካልተገኘ ትምህርቱ ይገለበጣል፤ መጠየቅ ከንቱ እንደሆነ ያስተምራቸዋል። ርዕሰ መምህሩ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ቀጠሮ ይያዝ።

የቋንቋውም ነገር አለ። እስከ 8ኛ ክፍል ትምህርቱ በአማርኛ ነው፤ ከ9ኛ ጀምሮ መጽሐፉ እንግሊዝኛ ይሆናል። ባለፈው ዓመት ስለ ፍትሕ ሲከራከር የነበረ ልጅ በሚቀጥለው ዓመት ዝም ይላል። ተዘጋጅቶ የሚመጣው የ9ኛ ክፍል ዕቅድ የቡድን ውይይት 10 ደቂቃ ብሎ ይጽፋል፤ እነዚያ 10 ደቂቃዎች መጽሐፉን በመገልበጥ ያልቃሉ። ውይይቱ በአማርኛ ተደርጎ መደምደሚያው በእንግሊዝኛ ይጻፍ ቢባል ማን ይጎዳል? በዕቅዱ ላይ በግልጽ ካልተጻፈ ግን መምህሩ የክፍል ምልከታ ሲመጣበት ይሸማቀቃል።

ወደ መከለያው ልመለስ። ትምህርት ቤቶቻችን በጉድኝት፣ ማለትም በተቀራረቡ ትምህርት ቤቶች ስብስብ፣ ተደራጅተዋል፤ ለተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ የሚመደብ ሰዓትም አላቸው። ያ ሰዓት ብዙ ቦታ ሰነድ ለማሟላት ይውላል። በእርሱ ፈንታ የአንድ ጉድኝት የዜግነት ትምህርት መምህራን ተሰብስበው አንድ የተዘጋጀ ዕቅድ ከፊታቸው ያስቀምጡ፤ የሕግ አንቀጾቹን ከሕገ መንግሥቱ ጋር ያመሳክሩ፣ ምሳሌውን ከወረዳቸው ያምጡ፣ ምዘናው ውስጥ አንድ መልሱ አስቀድሞ ያልተጻፈ ጥያቄ ይጨምሩ። ከግርጌው የሁሉም ስም ይስፈር፤ ሱፐርቫይዘሩና የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይፈርሙበት። እንዲህ ሲሆን የጓሳን ወይም የመሬት ደብተርን ጥያቄ ያነሣ መምህር ብቻውን አይቆምም። «ከጉድኝታችን ዕቅድ ነው» ይላል። በደብረ ብርሃን ያሉት ዩኒቨርሲቲና የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ደግሞ የአንቀጽ ማመሳከሩን ሥራ ቢያግዙ፣ ለተግባር ልምምድ የሚወጡ ዕጩ መምህራንን ቢያሰማሩበት ሁለቱም ይጠቀማሉ።

የክፍል ምልከታ ቅጹም መለወጥ አለበት። «ዕቅድ አለው፣ የለውም» የሚለው ጥያቄ መምህሩን ያወረደውን አትሞ እንዲያስፈርም ብቻ ያስገድደዋል። «ከዕቅዱ ምኑን ለውጠህ ነው ያስተማርከው? ለምን?» ተብሎ ቢጠየቅ ግን ራሱ ተቆጣጣሪውም ዕቅዱን ማንበብ ይገደዳል። ጉድኝቶቹ የሚጀምሩበትን ርዕስ ምረጥ ብባል የሕግ የበላይነትን ምዕራፍ እመርጣለሁ። ከሁሉም በላይ በቃል ብቻ የሚጠናው እርሱ ነው፤ በአጣዬና በሸዋ ሮቢት ክፍሎች ከሁሉም በላይ የሚፈለገውም እርሱ ነው። ለመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ መነሻ የሚሆነው ምሳሌ የጓሳ ይሁን የእድር ወይስ የመሬት ደብተሩ፣ ተማሪዎቹን የሚያውቁት መምህራን ይወስኑ።